ከጽዋው ጋር የሚዞረው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ለዓመታዊው ምርመራ ላዘጋጅ ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። እዚያ የሚሠራው ወጣት ያረጀውን ቺንጋ፣ ከሞተሩ ፊት እየዞረ የውሃ ፓምፑንና ማራገቢያውን የሚያሽከረክረውን የጎማ ቀበቶ፣ ፈታና "ይኸው ማዘር፣ አልቆለታል" ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ማዘር መባልን ገና አልለመድኩትም፤ ቅር ሳይለኝ አልቀረም። እሱ ግን ቀጠለና "ይቺን አሮጊት እስከመቼ ነው የሚይዟት? ሰዉ ሁሉ እኮ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሯል" አለኝ። እኔ ቺንጋውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የጋለ ጎማ፣ የዘይትና የአቧራ ሽታ ነው፤ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ እኔን ግን ከጋራዡ አንስቶ በሐምሌ ዝናብ፣ ጉም የዋጠው የአንኮበር መንገድ ላይ፣ በአባቴ ፒካፕ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። ልጁ ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም፤ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

አባቴ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን መካከል ሰውና ገብስ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሰውና በግ አንድ ላይ የምትጭን፣ ኋላዋ ሸራ የለበሰ ፒካፕ ነበረችው። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጽፍም፤ ለማስታወቂያ የከፈለኝ የለም፤ ደግሞም አገሩን የሞላ መኪና ስለሆነ አንባቢ አያጣውም። በእኛ ቤት ያ ስም ተጠርቶም አያውቅ፤ "የኛው" ነበር የሚባለው። ምሳ ላይ ተቀምጠን ከሩቅ የሞተር ድምፅ ከተሰማ፣ አባቴ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ጆሮውን ቀና አድርጎ ወይ "የኛው ናት" ወይ "የባዕድ ነው" ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ተሳስቶ አያውቅም። የኛው ሁልጊዜ ሴት፣ የባዕዱ ሁልጊዜ ወንድ የሆነበትን ምክንያት ጠይቄው አላውቅም።

ሾፌር አንድ ዓይነት መኪና ላይ የሙጥኝ የሚለው ግትር ስለሆነ የሚመስላቸው አሉ። አባቴ ግትር አልነበረም አልልም፤ ጨው የበዛበትን ወጥ እንኳ አንዴ "ተስማምቶኛል" ካለ እስከ መጨረሻው ጠርጎ የሚበላ ሰው ነበር። ለመኪናዋ ግን ምክንያት ነበረው። እንደ እሱ ያለ ሰው አቅም የሚደርስባት ነበረች፤ ስትሸጥም ባለቤቷን አታሳፍርም፤ ዳገቱንም ጭቃውንም ሳታማርር ትወጣለች፤ ኮፈኗ ሲከፈት ውስጧ ሁሉ ግልጥልጥ ያለ ስለሆነ ከእነዋሪ እስከ ደብረ ሲና ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታት፣ ይገጣጥማት ነበር። ዕቃዋን ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ደርድረው የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ። "መኪናማ ሁሉም ይሄዳል፤ ስትቆም ማን ያውቃታል ነው ነገሩ" ይል ነበር አባቴ፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ፣ ሳይጠየቅ ጭምር፣ ይናገር ነበር።

በዚያ መንገድ የሚሠሩት ሾፌሮች የገብርኤል ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ቄስ ስለነበሩ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ሲበላ ሲጠጣ፣ የመንገዱ ወሬ ሲወራ ይዋልና መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ይህ በየትኛውም ማኅበር ያለ ነው። የእነሱ ግን ከጽዋው ጋር አብሮ የሚዞር ሌላ ነገር ነበረው፤ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ የጥይት ሳጥን። ውስጡ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ አንዳንድ ብሎንና ሽቦ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ጽዋው ያረፈበት ሰው ሳጥኑን መኪናው ላይ ጭኖ ይውላል፤ መንገድ ላይ የቆመ ማኅበርተኛ ሲያገኝ የጎደለውን አውጥቶ ይሰጣል፤ የወሰደም በሚቀጥለው ማኅበር ተክቶ ይመጣል። መንገዱ አንድ ነውና ባለሳጥኑ ጠዋት ባያገኝህ ከሰዓት በኋላ ያገኝሃል። መለዋወጫ ለብቻው የሚያስቀምጥ ሰው ግን አይወደድም ነበር። አባቴማ በዚህ ነገር የባሰበት ነው፤ "የራስህን የደበቅህ ዕለት ማኅበሩ ፈረሰ" እያለ የመኪና ዕቃ የሚባል እቤታችን እንዲያድር አይፈቅድም ነበር። እናቴ ደግሞ ጎማ እቤቷ ባለመግባቱ ብቻ በዚህ ሕግ ደስተኛ ነበረች።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ ታዲያ መኪናው አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። አዲስ ሾፌር ወደ መንገዱ ሲመጣ "የኛውን ግዛ" የሚሉት ለዚህ ነው፤ የኛውን ያልገዛ ሰው ማኅበሩን ሊጠጣ ይችላል፣ ሳጥኑ ግን አይገጥመውም።

ጋሽ ሽፈራው የአባቴ አብሮ አደግ ነበር። ለብዙ ዘመን የኛውን ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ሄደና የባዕድ መኪና ገዝቶ መጣ። ወንበሩ ያሰምጣል፣ ሬዲዮው ጥርት አድርጎ ይዘፍናል፣ ከሁሉም በላይ ማሞቂያ አለው። የአንኮበርን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ማሞቂያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተሳፋሪው ጋቢና ለመቀመጥ ይጋፋ ጀመር። ሾፌሮቹም አያቴ ባሉበት ሳይቀር "መናፍቅ" የሚል ስም አወጡለት። ቀልድ ነበር፤ አባቴ ሲለው ግን ቀልዱ መረር ይላል፤ ጓደኛው መኪናውን ሳይሆን እሱን የተወው ያህል ከፍቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባዕዱ መኪና አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰብራበት፣ እሷ ከአዲስ አበባ እስክትገኝ የጋሽ ሽፈራው ደጅ ላይ ቆሞ ከረመ። ሬዲዮው ስላልተበላሸ የሰፈሩ ልጆች እየሄድን ዘፈን እናዳምጥበት ነበር፤ በእኛ በኩል መኪናው ያን ጊዜ ያህል ጠቅሞን አያውቅም።

ጭቅጭቁ የመጣው የጽዋው ተራ ጋሽ ሽፈራው ጋ ሲደርስ ነው። ማኅበሩ በእኛ ቤት ነበር የተበላው። አባቴ ጽዋውን ሊያስረክብ ቆሞ፣ ሳጥኑ ላይ ግን እግሩን አሳረፈበት።

"ሳጥኑን ለማይገጥመው ሰው መስጠት ምንድነው ጥቅሙ? አልጋ ሥር ተኝቶ ሊከርም! ጽዋውን ይውሰድ፣ ሳጥኑ ይለፈው" አለ።

ጋሽ ሽፈራው ቀና አላለም። አያቴ መስቀላቸውን እያሻሹ፣ "ሳጥኑ ከጽዋው ጋር ይዞራል ብላችሁ የተስማማችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኔ አላዘዝኳችሁም። ጽዋ ሰው ካልመረጠ ሳጥኑም አይምረጥ" አሉና ነገሩ በዚያ አለቀ። ጋሽ ሽፈራው በአንድ እጁ ጽዋውን፣ በሌላው ለመኪናው አንዲት ብሎን እንኳ የማይሆነውን ሳጥን ይዞ ሲወጣ፣ ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁበት። አባቴ አልሳቀም፤ ተናዶ ነበር።

እናቴ በዚያው ወር ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ስታምጥ አድራ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድናት፤ አዋላጇ ሆዷን ከዳሰሰች በኋላ አባቴን ወደ በሩ ጠራችውና፣ "አቶ ደምሴ፣ ሕፃኑ ተጋድሟል። እዚህ አይሆንም፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ጊዜ የለንም" አለችው። አባቴ ፍራሹን ከቤት አምጥቶ ከሸራው ሥር አነጠፈ፣ እናቴን በበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው አስተኟት፣ አዋላጇ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እኔን "ቅሪ" የሚል ሰው ስላልነበረ ጋቢና ገባሁ። ባናው ዝናብ ነክቶት ስለነበር እርጥብ የጠጉሩ ሽታ እስከ ጋቢናው ይመጣ ነበር። አባቴ ጥርሱን ነክሶ መሪውን እንደያዘ፣ በየኩርባው ወደ ኋላ እየጮኸ "አስካለ፣ አለሽ?" ይላል፤ እናቴም ከሸራው ሥር "አለሁ፣ አንተ መንገድህን እይ" ትለዋለች።

ዳገቱን አጋምሰን፣ ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ከፊታችን ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። የሙቀት ቆጣሪው መርፌ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። አባቴ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ፤ ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ ነው የጎማው ሽታ አፍንጫዬን የሞላው። መለዋወጫ መደበቅ ማኅበር ያፈርሳል ሲል የኖረው አባቴ፣ መኪናው ውስጥ ሌላ ቺንጋ አልነበረውም።

አዋላጇ ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገራት። ከሸራው ሥር የእናቴ እጅ ወጣ፤ መቀነቷን ይዟል።

"ይኸውልህ፤ ለጊዜው ይሁንህ" አለች። ያን ጊዜ ሾፌር ሲቸግረው ገመድም ጨርቅም በቺንጋ ፈንታ ያስር እንደነበር የሾፌር ሚስት አይጠፋትም። አባቴ መቀነቱን አጥፎ፣ አጥብቆ ቋጥሮ አሰረው። ማርያም ማርያም እያልን ትንሽ ሄድን፤ ቀጥሎ ያለውን ኩርባ እንደዞርን የተቃጠለ ጥጥ ሸተተንና መቀነቱ ተበጣጥሶ በመንገዱ ላይ ተበተነ። እናቴ ከዚያ በኋላ መናገር ተወች፤ አባቴ "አስካለ" ሲል የምትመልሰው አዋላጇ ነበረች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አባቴ ጭቃው ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ጉሙ ጆሮውን ሰጠ።

አንድ የጭነት መኪና ከደብረ ብርሃን በኩል መጣ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ወርዶ አየ፣ የራሱን ትርፍ ቺንጋ ሳይቀር አምጥቶ ለካው፤ ግን በጣም ረጅም ነው፣ አልሆነም። እሱ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ በዚያ ጠባብና ጭቃ በሆነ ቦታ ያን የሚያህል መኪና ማዞር አይታሰብም። "እግዜር ያውጣችሁ" ብሎ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ፊቱ በራ፤ ወዲያው መልሶ ጠቆረ።

"የባዕድ ነው" አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሽፈራው ነው" አለ።

ያን ጊዜ አባቴ ምን እያሰበ እንደነበር ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ለራሱ የማይሆነውን ሳጥን፣ በዚያ ላይ እየተሳቀበት የወሰደውን፣ መኪናው ላይ ጭኖ የሚዞር ሰው ይኖራል ብሎ አላመነም፤ እሱ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ አልጋ ሥር ይወረውረው ነበር። ጋሽ ሽፈራው ከደብረ ብርሃን ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ ከጉሙ ወጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ የተከፈተውን ኮፈን አየ፣ ከሸራው ሥር የሚሰማውን ማቃሰት ሰማ። "ወደ እኔ እናዛውራት" ሲል አዋላጇ በዚህ ዝናብ አትነካም ብላ ከለከለች። እሱም ወደ መኪናው ተመለሰና ከተሳፋሪዎቹ እግር ሥር አረንጓዴውን ሳጥን ጎትቶ አወጣ።

ጋሽ ሽፈራው ቺንጋውን ከጨርቁ እየፈታ፣ "መናፍቅ ብሆንም አደራ በላ አይደለሁም" አለ።

አባቴ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ሽፈራው ገፋ አድርጎት ራሱ ጎንበስ አለ። እጁ የኛውን አልረሳትም፤ የቱ ብሎን ይላላል፣ የቱ ይጠብቃል ብሎ ማየት እንኳ አላስፈለገውም። ራዲያተሩን ከመንገዱ ዳር ውሃ ሞላንለት፤ ሞተሩ ተነሣ። ከሸራው ሥር፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ የእናቴ ድምፅ ደከም ብሎ መጣ። "ሽፈራው፣ ከዛሬ ወዲያ መናፍቅ የሚልህ ካለ እኔ ጋ ላከው" አለች። አባቴ ከዝናቡ ጋር እያለቀሰ ሳቀ።

ጋሽ ሽፈራው ተሳፋሪዎቹን "ከታች ጎረቤላ ቅርብ ናት፣ በእግራችሁ ዝለቁት" ብሎ መኪናውን እዚያው ትቶ ከእኛ ጋር ጋቢና ገባ፤ ሌላ ነገር ቢበጠስ ብሎ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ እኔን ደግሞ ቦታ ስላልነበረ ሳጥኑ ላይ። ያንን የጥይት ሳጥን ጠርዝ እስከ ዛሬ ገላዬ ያስታውሰዋል። ተሳፋሪዎቹ ዝናቡን እየተራገሙ በእግራቸው ሄዱ፤ ኋላ ጉዳዩን ሲሰሙ ግን አንዳቸውም አልተቀየሙትም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ እናቴን ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ሁለቱ ሰዎች በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ሐኪሙ ወጥቶ "እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ ወንድ ነው። ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው" አለ። አባቴ ተነሣና ተንበርክኮ የጋሽ ሽፈራውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ጋሽ ሽፈራው ብብቱን ይዞ አነሣው። ተቃቅፈው ቆሙ። እኔ ከዚያ በፊት እፎይታ የሚባለውን ነገር በስሙ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ያን ዕለት ግን ከእግሬ እስከ ራሴ ሲለቀኝ ተሰማኝ፣ ርሃቤም ያኔ ታወቀኝ። ወንድሜን ደረሰ አሉት፤ ክርስትና ያነሣው ጋሽ ሽፈራው ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም መናፍቅ ያለው የለም፤ የእናቴ ምላስ ቀላል አልነበረም። ጋሽ ሽፈራው ግን ዓመት ሳይሞላ ማሞቂያውን ከነሬዲዮው ሸጦ ወደ የኛው ተመለሰ። ሾፌሮቹ "ምን ነካህ? ወደ ብርዱ መመለስ ምን አሰኘህ?" ሲሉት፣ "ሁልጊዜ ሰጪ መሆን ሰለቸኝ፤ አንዳንዴ መቀበልም አማረኝ" አላቸው። ሁሉም ሳቁ። አያቴ ግን "እውነቱን ነው" አሉ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቶ የራሴን መኪና ስገዛ፣ ሻጩ ስለ ነዳጅ ፍጆታዋና ስለ ጎማዋ ብዙ ሲያስረዳኝ፣ የኛው ስለሆነች ብቻ እንደምገዛት ልነግረው አፍሬ ዝም ብዬ አዳመጥኩት።

አሁን መንገዱ ተሠርቷል። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ጋሽ ሽፈራውም ተከተለው፤ ልጆቻቸው ሾፌር አልሆኑምና ማኅበሩ ተረኛ አጥቶ ቀረ። ወንድሜ ደረሰ የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ድምፅ ስለሌለው የባዕድ ይሁን የኛው ጆሮ ሊፈርድበት አይችልም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ይጠራላታል። ጭቃ ላይ ቆሞ ወደ ጉም ጆሮውን የሚሰጥ ሰው በመቅረቱ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ የአባቴን የዚያን ዕለት ፊት ያየ ሰው ያ ዘመን ይመለስ አይልም።

ባለፈው ክረምት ወደ አንኮበር ስወጣ፣ ጉሙ መሃል ኮፈኗ የተከፈተ መኪና ቆማ አየሁ። የኛው ናት። ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ "ምን ሆናችሁ? ምን ጎደላችሁ?" ስላቸው፣ ጎረምሳው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ በእጁ እንዳልፍ ምልክት ሰጠኝ፤ አጠገቡ ያለችው ወጣት ግን ፈገግ ብላ "እግዜር ይስጥልን እማማ፤ ደውለናል፣ እየመጡ ነው" አለችኝ። እፎይ አልኩ። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው፣ አንድ ነገር ቸግሮን ነው ቢሉኝስ ምን ልሰጣቸው ነበር ብዬ ያሰብኩት። መኪናዬ ውስጥ የነበረው አንድ ጃንጥላና የታሸገ ውሃ ብቻ ነው።